የሥዕሉ ጀርባ ምን ይላል?

ስለ አገራችን ዘመናዊ ሥዕል ሲነሳ ብዙዎቻችን አፈወርቅ ተክሌ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ብለን እናቆማለን። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግን ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ስማቸው ያልገነነው ሰዎች ሥራ ዛሬም በየሰዉ ሳሎንና በየቢሮው ግድግዳ ተሰቅሎ ይገኛል። ከመካከሉ ልብ የሚነካ ሥዕል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ታሪኩ ነው።

ታዲያ እነዚህን መሰብሰብ የሀብታም ሥራ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ኸርበርት ቮገል የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ባለቤቱ ዶሮቲ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። በእሷ ደመወዝ ይኖራሉ፣ በእሱ የሥዕል ሥራ ይገዛሉ። መመዘኛቸው ዋጋው ከአቅማቸው እንዳያልፍና ከጠባቧ አፓርታማቸው እንዲገባ ነበር። በጊዜው ብዙም ያልታወቁትን ሠዓሊዎች መሥሪያቸው ድረስ እየሄዱ ያነጋግሩ ነበር። ከ4 ሺህ በላይ ሥራዎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ማዛወር ጀመሩ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ጠያቂነታቸው ነው።

የኛ ትምህርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከማን፣ ከየትና ከመቼ ሁሉ የሚያስቸግረው «መቼ» ነው። እንስራ ያዘለች ሴት በደረቀ መስክ ብቻዋን ስትሄድ የሚያሳይ ሥዕል አገኘን እንበል፤ ጥግ ላይ «66» ተጽፏል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ 1966 የወሎ ረሃብ ለዓለም የተሰማበት፣ አብዮቱም የፈነዳበት ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን 1958 ወይም 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሴቲቱ ያችው ናት፣ ዜናው ግን ሌላ ነው። ፊርማው በአማርኛ መሆኑ ፍንጭ ቢሰጥም ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ሥዕሉን አውርዶ ጀርባውን ማየት ነው። ርዕስ፣ የኤግዚቢሽን ወረቀት ወይም የስጦታ ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ፍሬም ሲቀየር ይኼ ሁሉ ከአሮጌው እንጨት ጋር ሊጣል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ሻጩ ከማን እንዳገኘው ይጠየቅ። የሰማነውንና ያየነውን ለይተን በተለየ ወረቀት እንጻፍ፤ ሥዕሉ ላይ በፍጹም አይጻፍም።

ሠዓሊውን ማግኘት ከተቻለማ ከሁሉ ይበልጣል። በ1950ዎቹ ተመርቀው የወጡት ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰማንያ ዓመት ገደማ ናቸው ወይም አልፈውታል፤ ለሴሚስተር ዕረፍት የሚቀጠር ቃለ መጠይቅ አይደለም። መግዣ የሌለን ተማሪዎችም ብንሆን ባለቤቱን አስፈቅደን የሥዕሉን ፊትና ጀርባ ፎቶ ማንሳት፣ ዓመተ ምሕረቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መመዝገብ እንችላለን።