ክሬአቲኒኔ ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ ለደም ካንሰር ከወንድሜ በተወሰደ መቅኔ ንቅለ ተከላ ካደረግሁ 3 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን የኩላሊት ሥራ መለኪያ የሆነው ክሬአቲኒኔ ስለጨመረ ሐኪሜ የቢኬ ቫይረስ ምርመራ አዘዙልኝ። ከየት ያዘኝ?

መልስ፦ ቫይረሱ ካለብዎት፣ ምናልባት ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት ኖሯል። አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ ይዞ ኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ውስጥ ያደፍጣል፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሣል። ያኔ ፊኛን ሊያደማ፣ አንዳንዴም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የሰውነት መከላከያን የሚያፍኑትን ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን ተጠርጣሪው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ መድኃኒቶችም ኩላሊት ይጎዳሉ። የደምና የሽንት ምርመራ መንስኤውን ካልለየ ከኩላሊት ናሙና ይወሰዳል። ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ አስተማማኝ መድኃኒት ስለሌለ፣ ሲቻል የመከላከያ ማፈኛው መጠን ይቀነሳል። በራስዎ ፈቃድ ግን እንዳይቀንሱ፤ የወንድምዎ ሕዋሳት አካልዎን ሊያጠቁ ይችላሉ። ለሕመም ማስታገሻ ብለው ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ እነሱም ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።