ስኮላርሽፕ የሚጀመረው ከሁለተኛ ዓመት ነው





የጂሲ ተማሪዎች ጋውን ለብሰው ፎቶ በሚነሱበት ሰሞን በዶርምም፣ በላይብረሪም፣ ከሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፦ «የማስተርስ ስኮላርሽፕ የት ይገኛል?» ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚጠየቅበት ጊዜ ግን አልፏል። በዚያን ሰዓት ውጤታችን ተሠርቶ አልቋል፤ መምህራኑ ስማችንን ከብዙ መቶ ተማሪ መካከል ለይተው አያውቁትም፤ ፓስፖርት የለንም፤ የእንግሊዝኛ ፈተና አልተፈተንንም። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ለማመልከት የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፎርም መሙላት ይቻላል እንጂ ሰው አወዳድሮ የሚያስመርጠውን ነገር መሥራት አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ስኮላርሽፕ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ዓመት «ከተገኘ» የሚሞከር ዕድል ሳይሆን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሰበሰብ ሥራ ነው። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የኛ ድርሻ ነው። ሰበቡን ሳናደርስ ዱዓ ብቻ አድርገን ብንቀመጥ ተወኩል አይባልም።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ

«ስኮላርሽፕ አገኘሁ» የሚለው ቃል በግቢያችን ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ይውላል። አንደኛው አድሚሽን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሃል ማለት እንጂ ገንዘብ ሰጥቶሃል ማለት አይደለም። ሁለተኛው የትምህርት ክፍያ ነጻ መሆን ነው፤ ምግብና ቤት ግን በራስ ነው። ሦስተኛው ሙሉ ስኮላርሽፕ ሲሆን የትምህርት ክፍያን፣ የመኖሪያ አበልን፣ የጤና መድንን፣ አንዳንዴም የአውሮፕላን ትኬትን ይሸፍናል።

ልዩነቱን አለማወቅ ቤተሰብን ይጎዳል። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ አብዛኛዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም። ነገር ግን ያለ ስኮላርሽፕ የተማሪ ቪዛ ለማግኘት ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል፤ መጠኑም ከ11,000 ዩሮ በላይ ነው። አድሚሽኑን ይዞ ወደ ቤት የሄደ ልጅ አባቱን መሬት ሊያሸጥ ወይም ወለድ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈልገው «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን መስመር ሳይሆን ማን ምን እንደሚከፍል የሚናገረውን ነው።

የታወቁ በሮች

ለሳይንስና ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ክፍት የሆኑት ብዙ ናቸው። ጥቂቶቹን እንይ።

*ካውስት (የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ)፦* በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከጂዳ በስተ ሰሜን በቀይ ባሕር ዳር ቱወል ላይ የሚገኝ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚሰጠው ማስተርስና ፒኤችዲ ብቻ ነው። ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ ቤት፣ የሕክምና ሽፋንና ዓመታዊ አበል ያገኛል። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ለመካ ቅርብ መሆኑ ብዙዎቻችንን ያጓጓናል፤ ግን የሚመርጡን በሒሳብና በምርምር ችሎታችን ነው።

*ኢራስመስ ሙንዱስ፦* በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፍ የማስተርስ ፕሮግራም ነው። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል። ስኮላርሽፑ በወር 1,400 ዩሮ ሲሆን እስከ 24 ወር ይቆያል። አብዛኛዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳይመረቅ እንዲያመለክት ይፈቅዳሉ።

*የቱርክ መንግሥት ስኮላርሽፕ (ቱርኪዬ ቡርስላሪ)፦* ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በጥር መጀመሪያ ተከፍቶ በየካቲት አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች፣ ውጤትም ቢያንስ 75 ከመቶ ይጠይቃል። አበል፣ ዶርም፣ የጤና መድን፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ይሰጣል።

*የእስልምና ልማት ባንክ፦* ዋና መሥሪያ ቤቱ ጂዳ ነው። ኢትዮጵያ የባንኩ አባል ባትሆንም ባንኩ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የስኮላርሽፕ ፕሮግራም ነበረው። የፕሮግራሙ አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ እርዳታ፣ ለተማሪው ግን ቀርድ ሐሰን ነበር፤ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ያለ ወለድ ይመልሳል፤ የተመለሰው ለሌላ ተማሪ ይውላል። የየዓመቱ መስፈርት ስለሚለዋወጥ ከባንኩ ከራሱ ማስታወቂያ መረዳት ያስፈልጋል።

*በአፍሪካ ውስጥ፦* የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ለውኃና ኢነርጂ አልጄሪያ ትለምሴን ላይ፣ ለመሠረታዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ተቋም አለው። ሒሳብ ለሚወድ ደግሞ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም (ኤምስ) በደቡብ አፍሪካ፣ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳ ማዕከሎች አሉት፤ ማስተርሱም በሙሉ ስኮላርሽፕ ነው።

*ለፊዚክስና ለሒሳብ፦* ጣልያን ትሪየስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይሰጣል። ከአፕላይድ ሳይንስ ክፍሎች የተመረቁ ልጆች ብዙ ጊዜ «ለኛ ምንም የለም» ይላሉ፤ ይህ ግን ለነሱ የተዘጋጀ በር ነው።

ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው «የማመልከቻ ክፍያ» ከጠየቃችሁ ይህን አስታውሱ፦ ካውስት፣ ኢራስመስ ሙንዱስና የቱርክ ስኮላርሽፕ የማመልከቻ ክፍያ አያስከፍሉም። ፎርሙን በእንግሊዝኛ ለአራት ዓመት የተማረ ሰው ራሱ ሊሞላው ይችላል።

ስማችንና ቀናችን

ማመልከቻ ከሚያበላሹ ነገሮች አንዱ የስም አጻጻፍ ነው፤ የኛ ስሞች ላይ ደግሞ ችግሩ ይበዛል። «ሙሐመድ» የሚለው ስም በአንዱ ሰርተፊኬት ላይ በ«ኦ»፣ በሌላው በ«ዩ»፣ በሌላው በአንድ «ኤም» ይጻፋል። አብዱረሕማን፣ ፋጡማ፣ ዘይነብ የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የዩኒቨርሲቲው መዝገብና ፓስፖርቱ በፊደል ካልተስማሙ ውጭ አገር ያለው መዝጋቢ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዛሬ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው፣ ልዩነት ካለ ወደ ሬጅስትራር ቢሄድ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው አጻጻፍ ፓስፖርት ቢያወጣ ትልቅ ራስ ምታት ይቀርለታል።

ሁለተኛው ቀን ነው። የልደት ዓመትንና የምረቃ ዓመትን በኛ አቆጣጠር ጽፎ የላከ ተማሪ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። የዕድሜ ገደብ ላለው ስኮላርሽፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ኮስት ሼሪንግ ነው። ተመርቀን ስንወጣ የሚሰጠን ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት የኮስት ሼሪንጉ ጉዳይ መቋጨት አለበት። ለማመልከት ብዙ ቦታ ስቱደንት ኮፒ ቢበቃም ለመመዝገብ ዋናው ሊጠየቅ ይችላል። ዕዳ ዕዳ ነውና ከአሁኑ መጠኑን ማወቅና ማሰብ ይገባል።

የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ የአይኤልትስም ሆነ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። በሁለተኛ ዓመት መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሁለተኛ ዓመት መዘጋጀት ግን ነጻ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችን ብናመጣ ይቀበላሉ። ከመክፈላችን በፊት ይህን መጠየቅ ብልህነት ነው።

የመምህር ደብዳቤና ኢጃዛ

ኪታብ የቀራ ሰው ኢጃዛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሸይኹ ኢጃዛ የሚሰጠው ፊቱ ተቀምጦ ለቀራ፣ ሲሳሳት አርሞት ሲያስተካክል ላየው ደረሳ ነው። በስም ብቻ ለሚያውቀው አይሰጥም። ቢሰጥ ደግሞ የሚረክሰው የሸይኹ ስም ነው።

የመምህር የድጋፍ ደብዳቤም ይኸው ነው። አብዛኛዎቹ ስኮላርሽፖች ሁለት ደብዳቤ ይጠይቃሉ። መራጮቹ «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነው» የሚል ወረቀት በብዙ መቶ ያያሉ፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ምንም አይነግራቸውም። «በቁጥጥር ሥርዓት ኮርስ ላይ ይህን ፕሮጀክት ሠራ፤ ዳታው ሲበላሽበት እንደገና ከመጀመሪያው ለካ» የሚል ደብዳቤ ግን ሰውየውን ያሳያል። እንዲህ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው የሚያውቀን መምህር ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስተኛ ዓመት ሁለት መምህራን እንምረጥ፤ በቢሮ ሰዓታቸው ጥያቄ ይዘን እንሂድ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ወይም በምርምራቸው የምናግዘው ሥራ ካለ እንጠይቅ። እህቶችም በዚህ ወደ ኋላ ማለት የለባችሁም፤ ከጓደኛ ጋር ሆኖ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። መምህሩ ሥራ ሲበዛበት «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላል። የተሻለው መንገድ ደብዳቤውን መጻፍ ሳይሆን የሠራነውን ዝርዝር በአንድ ገጽ ማቅረብ ነው፦ የወሰድነው ኮርስ፣ ያገኘነው ውጤት፣ የሠራነው ፕሮጀክት፣ የምናመለክትበት ቦታና የመጨረሻው ቀን። ምስክርነቱ የሱ ሆኖ ይቀራል። ያልሠራነውን ፕሮጀክት መጻፍ፣ የሰው ሞቲቬሽን ሌተር ገልብጦ ማስገባት፣ የሌለ ሥልጠና ሰርተፊኬት መፈለግ ግን አማና ማጉደል ነው። በውሸት የተገኘ ቦታ ሌላ ተማሪ ሊያገኘው ይገባ የነበረ ቦታ ነው። ውሸቱ ሲታወቅም የሚዘጋው በር ከዚሁ ግቢ ከኋላችን ለሚመጡት ጭምር ነው።

ውጤቱ ዝቅ ካለ፣ ቤተሰብም ከጠበቀ

ሁሉም ሰው 3.8 አያመጣም። ከ3.0 በታች የሆነ ሰው ወዲያው ሊያጣ የሚችላቸው ውድድሮች አሉ፤ ይህን መደበቅ አይጠቅምም። ግን ሁሉም በር በአንድ ቁልፍ አይከፈትም። የጀርመኑ ዳአድ ለልማት ነክ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ስኮላርሽፕ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ደግሞ በአብዛኛው ከ6 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ማለትም ተመርቆ ሥራ የገባ ሰው ከመስመር አልወጣም።

ይህ ለብዙዎቻችን አስፈላጊ ነጥብ ነው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን። እናትና አባት የሚጠብቁት ሁለተኛ ዲግሪ ሳይሆን የታናናሾቻችንን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛ የመጀመሪያ ደመወዝ ነው። ሁለቱ የግድ አይጋጩም። ሁለት ዓመት ሠርቶ ቤትን ደግፎ፣ በዚያው ልምድ ማመልከት ይቻላል። ከመጀመሪያው የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግን ግድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም።

እህቶች የጉዞውንና የመኖሪያውን ጉዳይ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ያለባችሁ ቪዛ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከማመልከታችሁ በፊት ነው። ዝርዝር መረጃ ይዞ ቀድሞ የቀረበ ሐሳብ በድንገት ከሚመጣ ዜና በተሻለ ይደመጣል።

በየዓመቱ ምን እንሥራ?

*ሁለተኛ ዓመት፦* ውጤት ላይ ማተኮር፤ የሰነዶችን ስም ማመሳከር፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ። ሒፍዝ በሙራጀዓ እንደሚጸና ሁሉ ቋንቋም በየቀኑ ካልተነካ ይጠፋል።

*ሦስተኛ ዓመት፦* ሁለት መምህራንን መቅረብ፤ አንድ ፕሮግራሚንግ ወይም የሙያ ሶፍትዌር በደንብ መያዝ፤ ፓስፖርት ማውጣት።

*የመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ፦* ከአራት እስከ ስድስት ፕሮግራም መምረጥ፤ የመዝጊያ ቀናቸውን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፤ ደብዳቤውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጠየቅ፤ ኢስቲኻራ ማድረግ። ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን ማታ በግቢው ኔትወርክ ለመላክ አለመጠበቅ።

*ከምርቃት በኋላ፦* መልሱ «አልተቀበልንህም» ከሆነ የጎደለውን ለይቶ በዓመቱ እንደገና ማመልከት።

በመጨረሻም መረጃ አንደብቅ። የመዝጊያ ቀን ያወቀ ለሌላው ይንገር፤ አምና ያመለከተ ሞቲቬሽን ሌተሩን እንዲገለብጡት ሳይሆን አሠራሩን እንዲረዱበት ለታናናሾቹ ያሳይ። ሪዝቅ የተጻፈ ነው፤ ጓደኛችን ስላወቀ ከኛ ድርሻ የሚቀነስ የለም። ጽሑፉን ያነበበ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዛሬ ማታ ሰርተፊኬቶቹን አውጥቶ የስሙን ፊደል ቢቆጥር ጅምሩ ተጀመረ ማለት ነው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ያሰብነውንም ኸይር ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ