የማዘዝ ሥልጣን የሌለው ምክር የሰውን መብት እንዴት ይጠብቃል?

የሰው ክብር ከመንግሥት የሚገኝ ችሮታ ሳይሆን ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ከመፈጠሩ የሚመነጭ መሆኑን በትምህርታችን ደጋግመን እንናገራለን። ይህን ክብር የመጠበቅ ኃላፊነት ግን የማን ነው? የዳኞችና የሕግ አውጪዎች ብቻ ነውን? አማካሪ የሆኑ ዜጎችም ድርሻ እንዳላቸው ከአንድ ታሪክ እንመልከት።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣ ሕግ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ በደቡባዊ ስቴቶች ብዙ ጥቁር ዜጎች በመራጭነት እንዳይመዘገቡ ይከለከሉ ነበር። ኮሚሽኑ የመክሰስም ሆነ የመቅጣት ሥልጣን አልነበረውም፤ ተግባሩ መመርመር፣ ምስክር መስማትና ያገኘውን ለፕሬዚዳንቱና ለምክር ቤቱ ማቅረብ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ካቶሊካዊው ካህን አባ ቴዎዶር ሄዝበርግ ሲሆኑ፣ እስከ 1972 ድረስ አገልግለዋል።

በየስቴቱም ከነዋሪዎች የተውጣጡ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ አማካሪ ኮሚቴዎች ተመሠረቱ። በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሹም የማያየውን በደል ጎረቤት ያየዋል፤ ባለሥልጣን የሚፈራ ተበዳይም ለሚያውቀው ሰው ይናገራል። የኮሚቴዎቹ ጥቅም በዚህ ላይ ነበር።

አገልግሎቱ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1963 ስለ ሚሲሲፒ ባቀረበው ዘገባ፣ የአንድ ኮሚቴ አባል ቤት በቦምብ መመታቱን፣ ሌላውም ከነባለቤቱ መታሰሩን ገልጿል። በዚያው ወር ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ «ሰላም በምድር» በተሰኘው ዓዋዲ መልእክታቸው የሰውን መብትና ግዴታ በዝርዝር አስተማሩ።

ድካማቸው ያለ ፍሬ አልቀረም። ኮሚሽኑ በ1959 የፌዴራል መንግሥት መዝጋቢዎች እንዲሾሙ ያቀረበው ሐሳብ ወዲያው እንደ ቀረበ አልጸደቀም፤ በ1965 በወጣው የምርጫ መብት ሕግ ግን ተመሳሳይ ድንጋጌ ገባ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የአማካሪ ኃይሉ ትእዛዙ ሳይሆን ምስክርነቱ ነው። በደል በቃል ብቻ ሲወራ ሊካድ ይችላል፤ ተጣርቶ፣ ተጽፎና ለሚመለከተው ሁሉ ሲቀርብ ግን «አልሰማሁም» ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ አባላቱ ከልዩ ልዩ ወገን የተመረጡና ከፍርሃት ነጻ መሆን አለባቸው። የሾመውን ብቻ የሚያወድስ ጉባኤ ተበዳዩን አይጠብቅም፤ ይልቁንም ለበዳዩ መሸፈኛ ይሆናል።

ለውይይት፦
1. በአካባቢያችን ድምፁ የማይሰማ ማን ነው?
2. አማካሪ እንድንሆን ብንጠራ፣ ሹሙን የማያስደስተውን እውነት በትሕትናና በድፍረት ለመናገር ተዘጋጅተናልን?