በቅብብሎሽ መማር፦ የበርታ ዋዛ አሠራር ለሞዱላር የከበሮ ሲንተሳይዘር ትምህርት ያለው ፋይዳ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሞዱላር የከበሮ ሲንተሳይዘር ላይ ገመድ እየሰኩ ድምፅ የመፍጠር ጥበብን፣ ማለትም ፓቺንግን፣ ለጀማሪ ተማሪዎች ለማስተማር የሚያገለግል ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። መነሻው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚኖረው የበርታ ሕዝብ የዋዛ ሙዚቃ ነው። በዋዛ ቡድን ውስጥ አንድ ነፊ ሙሉ ዜማ አይዝም፤ ዜማውም ሆነ ምቱ የሚገኘው ነፊዎቹ ጊዜን በመከፋፈላቸው ነው። ሞዱላር ሲንተሳይዘርም በተመሳሳይ መልኩ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ ያላቸው ክፍሎች በገመድ ሲገናኙ የሚሠራ መሣሪያ በመሆኑ፣ ትምህርቱ ከድምፁ ዓይነት ይልቅ ከክፍሎቹ ግንኙነት መጀመር እንዳለበት ጽሑፉ ይከራከራል። ለዚህም አራት የልምምድ ደረጃዎች ቀርበዋል።

1. መግቢያ

ሞዱላር ሲንተሳይዘር የተነጣጠሉ ክፍሎች ስብስብ ነው። ኦሲሌተር ድምፅ ያመነጫል፤ ፊልተር ከድምፁ የተወሰነውን ክፍል ያስቀራል፤ ኤንቨሎፕ ድምፁ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ይወስናል፤ ሲኩዌንሰር ደግሞ መቼ እንደሚሰማ ያዛል። በእነዚህ ክፍሎች መካከል የሚመላለሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ቮልት ነው። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ውጤት ለሌላው ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ከበሮ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት የታቀዱ መሣሪያዎችም በዚሁ መርሕ ይሠራሉ። ለምሳሌ የሞግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ያቀረበው ‹ድራመር ፍሮም አናዘር ማዘር› ሁለት ኦሲሌተሮች፣ አንድ የኖይዝ ምንጭ፣ ባለ 8 እርከን ሲኩዌንሰር እና 24 የገመድ መሰኪያዎች አሉት።

በዚህ ዘርፍ የሚታየው ዋነኛ የመማር ችግር በቅጂ ላይ መመሥረት ነው። ተማሪው ሌላ ሰው የሠራውን የአሰካክ ሥዕል ተከትሎ ገመዶቹን ያገናኛል፤ ድምፁም ይወጣል። ሆኖም አንዱ ገመድ ቢነቀል ምን እንደሚጠፋ አስቀድሞ መናገር አይችልም። ሥዕሉ ሲያልቅ ዕውቀቱም አብሮ ያልቃል።

ሁለተኛው ችግር ባህላዊ ሙዚቃን ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የማምጣት ልማድ ነው። ቀላሉ መንገድ የመሣሪያውን ድምፅ ቀርጾ፣ ቆራርጦ፣ እኩል በተከፋፈለ የምት ሰንጠረዥ ላይ መደርደር ነው። በዚህ መንገድ የዋዛ ድምፅ ይገኝ ይሆናል፤ ዋዛን ዋዛ ያሰኘው የነፊዎች ግንኙነት ግን አይገኝም። ሁለቱ ችግሮች አንድ ሥር አላቸው፤ ይኸውም ድምፅን ከግንኙነት ማስቀደም ነው።

2. የዋዛ አሠራር

በአማርኛ ‹ዋዛ› ከቁም ነገር ጋር በተቃራኒነት የሚቆም ቃል ነው። በበርታ ዘንድ ግን ዋዛ ከመከር በዓል ጋር የተያያዘ ክብር ያለው የመለከት ሙዚቃ ስም ነው። መለከቱ የሚሠራው ከቅል ሲሆን፣ የተቆረጡ ቅሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰኩ ረጅም ቱቦ ይሆናሉ። የመለከቶቹ ርዝመት የተለያየ በመሆኑ ድምፃቸውም ከቀጭን እስከ ወፍራም ይለያያል። አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ አሥር ወይም ከዚያ በላይ መለከቶች አሉት። ከነፊዎቹ አንዳንዶቹ በአንድ በኩል መለከቱን እየነፉ፣ በሌላ በኩል በትከሻቸው ላይ ያለውን እንጨት በቀንድ ይመታሉ። የበርታ ሕዝብ ከድንበሩ ማዶ በሱዳንም ስለሚኖር ሙዚቃው በሁለቱም አገሮች ይገኛል፤ በሱዳን በኩል ያሉትን ቡድኖች ጀርመናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ አርቱር ሲሞን ቀርጾ አጥንቷቸዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ የሆነው ነጥብ የድምፁ አከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ነፊ የያዘውን አንድ ድምፅ በተወሰነለት ቅጽበት ብቻ ያሰማል፤ ቀሪውን ጊዜ ለሌሎች ይለቃል። አድማጭ የሚሰማው ተከታታይ ዜማ በማንም ብቸኛ ነፊ አፍ ውስጥ የለም። ይህ የቅብብሎሽ ስልት በዓለም የሙዚቃ ጥናት ሆኬት ይባላል። በኢትዮጵያ የደራሼ ፊላ እና የሰሜኑ እምቢልታም በዚሁ ስልት ይታወቃሉ። በቅብብሎሽ ዝምታ የድርሻ አካል ነው፤ ነፊው ለመንፋት የሚያውቀውን ያህል ላለመንፋትም ማወቅ አለበት።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለመተንተን ከተሠራባቸው ዘዴዎች የሲምሃ አሮም ይጠቀሳል። ተመራማሪው በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የባንዳ ሊንዳ የቀንድ መለከት ነፊዎችን ሲያጠና፣ አንዱን ሙዚቀኛ ብቻውን ከቀረጸ በኋላ ቀጣዩ የቀዳሚውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድርሻ እንዲጫወት ያደርግ ነበር። በዚህ መንገድ ውስብስቡ ድምፅ ወደ ድርሻዎች ተፈታ፤ እያንዳንዱ ድርሻ የሚደገፈው በየትኛው ላይ እንደሆነም ታወቀ። ይህ ዘዴ ለፓቺንግ ትምህርትም እንደሚጠቅም ከታች ይታያል።

3. ታሪካዊ ዳራ

የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃና የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ግንኙነት አዲስ አይደለም። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓትን በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ ድምፁን በስቱዲዮ በመለወጥ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱን አዘጋጅቷል። በኋላም በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ሠርቷል። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባስተማረበት ጊዜ ደግሞ ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የመጡ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በአንድ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ1963 መሥርቷል። በቅርብ ዓመታት እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ያሉ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ባህላዊ ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው ሥራዎቻቸውን በውጭ አገር አሳትመዋል። ከዚህ ሁሉ የሚታየው በኢትዮጵያ ይህን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ በባዶ ሜዳ ላይ እንዳልቆመ ነው።

4. የትምህርቱ ደረጃዎች

መሣሪያው ውድ በመሆኑ ደረጃዎቹ በኮምፒውተር ላይም እንዲሠሩ ተደርገው ታቅደዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና መሠረታዊ እትሙ በነፃ የሚገኘው ‹ቪሲቪ ራክ› የተሰኘ ሶፍትዌር ለሁሉም ልምምዶች ይበቃል። በአሶሳ ያለ ተማሪ አንድ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ካለው ሊጀምር ይችላል።

4.1 አንድ ድምፅ

ተማሪው አንድ ኦሲሌተር፣ ሁለት ኤንቨሎፖችና አንድ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ብቻ ይወስዳል። ኦሲሌተሩን በ55 ኸርዝ ላይ ያቆማል። የመጀመሪያው ኤንቨሎፕ የድምፁን ቅጥነት በ2 ቮልት ከፍ አድርጎ በ40 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመልሰዋል። በተለመደው ሥርዓት 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ስለሆነ ድምፁ ከ220 ኸርዝ ተነሥቶ ወደ 55 ይወርዳል። ሁለተኛው ኤንቨሎፕ የድምፁን መጠን በ300 ሚሊሰከንድ ገደማ ያጠፋዋል። ውጤቱ የወፍራም ከበሮ ምት ነው። ቀጥሎ ተማሪው ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ከመንቀሉ በፊት ግን ምን እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይገምታል። ግምቱና የሰማው ካልተስማሙ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አያልፍም።

4.2 አንድ ምልክት፣ ሁለት ድምፅ

የዋዛ ነፊ በአንድ ሰውነት ሁለት ነገር ይሠራል፤ ይነፋል፣ እንጨትም ይመታል። በሲንተሳይዘር ላይ የዚህ አቻ አንድን የምት ምልክት ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ የቀደመውን ወፍራም ድምፅ ያስነሣል፤ ሁለተኛው በፊልተር ያለፈ አጭር ኖይዝ ያስነሣል፤ ይህም እንደ እንጨት ቋ ይላል። ተማሪው የሁለተኛውን ቅርንጫፍ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ሲያዘገየው አንድ ድምፅ የነበረው ሁለት ሆኖ መሰማት ይጀምራል። ድንበሩ የት እንደሆነ በጆሮው ፈልጎ ማግኘት የልምምዱ ግብ ነው።

4.3 ጊዜን መከፋፈል

ይህ የትምህርቱ እምብርት ነው። የ12 ምት ዑደት ይወሰድ። ሀ የተባለው ድምፅ በየ3 ምቱ ሲመታ በ1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ይወድቃል። ለ የተባለው በየ4 ምቱ ሲመታ በ1፣ 5 እና 9 ላይ ይወድቃል። የሁለቱ ምልክቶች በ‹ወይም› ሎጂክ ሞዱል ሲደመሩ 1፣ 4፣ 5፣ 7፣ 9 እና 10 ይሆናሉ። ይህ ድምር በ‹አይደለም› ሞዱል ተገልብጦ ከዋናው የጊዜ ምት ጋር በ‹እና› ሞዱል ሲጣመር፣ ሐ የተባለው ሦስተኛ ድምፅ በ2፣ 3፣ 6፣ 8፣ 11 እና 12 ላይ ብቻ ይመታል። ሐ የራሱ የሆነ የተጻፈ ምት የለውም፤ ድርሻው ሌሎቹ የተዉት ዝምታ ነው። ሀ በየ3 መሆኑ ቀርቶ በየ2 ቢሆን የሐ ድርሻ ማንም ሳይነካው ይለወጣል። ይህ የዋዛ ዜማ ቅጂ አይደለም፤ የቅብብሎሽ መርሕ ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያደናግር አንድ ጉዳይ አለ። በቪሲቪ ራክ ውስጥ እያንዳንዱ ገመድ ምልክቱን በአንድ ናሙና ያዘገያል፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ከተሠራ ይህ 0.02 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዋናው የጊዜ ምት በቀጥታ ወደ ‹እና› ሞዱል ሲደርስ፣ ሌላኛው ምልክት በምት ከፋዩ፣ በ‹ወይም› እና በ‹አይደለም› ዞሮ ስለሚመጣ ሦስት ናሙና ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ሐ ዝም ማለት በሚገባው ቦታ ሊመታ ይችላል። መፍትሔው የጊዜ ምቱንም ምልክቱን በማይለውጡ ሦስት ሞዱሎች አሳልፎ ሁለቱ እኩል እንዲደርሱ ማድረግ ነው። የምልክቶቹ ርዝመትም እኩል ሊሆን ይገባል። ተማሪው ይህን ስሕተት ራሱ ሰምቶ ምክንያቱን እንዲያገኝ ቢደረግ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይማርበታል።

በዚህ ደረጃ የአሮም ዘዴ ይጠቅማል። ተማሪው ሀን ብቻ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ለን ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሀ እና ለ እየሰሩ ድምፃቸው ብቻ ተዘግቶ ሐን ለብቻው ይሰማል። ሐ ብቻውን ሲሰማ ትርጉም የሌለው የተቆራረጠ ምት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሰማ ግን ቦታው ይታወቃል።

4.4 መደማመጥ

በመጨረሻው ደረጃ ድምፆቹ ከጊዜ በተጨማሪ በጠባይም ይነካካሉ። የሀ ድምፅ ኤንቨሎፕ የሐን ፊልተር ይከፍታል፤ ወይም የለ ምት የሀን ርዝመት ያሳጥራል። እንዲሁም ለሐ ባለ 8 እርከን የቅጥነት ሲኩዌንሰር ይሰጠዋል፤ ሲኩዌንሰሩ ግን የሚራመደው ሐ ራሱ ሲመታ ብቻ ነው። ሐ በአንድ ዑደት 6 ጊዜ ስለሚመታ ቅጥነቱና ምቱ ወደ መነሻቸው አብረው የሚመለሱት ከ24 ምቶች፣ ማለትም ከ4 ሙሉ ዑደት በኋላ ነው። በ8 እርከን ብቻ ይደጋገም የነበረው ሐሳብ ሦስት እጥፍ ረዝሞ ይሰማል፤ አንድም አዲስ ድምፅ አልተጨመረም።

የቅጥነቱ ምርጫ በጆሮ ይሁን። የዋዛ መለከቶች ድምፅ በፒያኖ ቅኝት የተለካ አይደለም። ድምፆችን ወደ 12ቱ የፒያኖ ድምፆች የሚያስተካክለውን ሞዱል ከጅምሩ መጠቀም ተማሪውን ያለ አስፈላጊነት በአንድ ቅኝት ይገድበዋል።

5. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ የቀረበው ቅደም ተከተል በሁሉም ደረጃ ተማሪውን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል። ይህን ድምፅ የሚያስነሣው ምንድን ነው? የሚያበቃውስ? ዝም ሲል ለማን ነው ቦታ የሚለቀው? እነዚህን የሚመልስ ተማሪ ያላየውን አሰካክ ራሱ ሊያስብ ይችላል።

ለትምህርት ክፍሎች ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ትምህርት ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም፤ በነፃ ሶፍትዌር ተጀምሮ የመሣሪያ ግዢ በኋላ ሊከተል ይችላል። ሁለተኛ፣ በክልሉ የሚሰጥ ትምህርት የዋዛ ነፊዎችን የድምፅ ምንጭ ብቻ ሳይሆን መምህር አድርጎ ሊጋብዛቸው ይገባል። ተማሪው ገመድ ከመያዙ በፊት በቡድን ውስጥ ቆሞ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ቢጠብቅ፣ በ4.3 የተገለጸውን ሐሳብ በሰውነቱ ያውቀዋል። የነፊዎቹ ዕውቀትም በትምህርቱ ውስጥ በስማቸውና በፈቃዳቸው መጠቀስ አለበት። የዋዛን ድምፅ መቅረጽ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። አንድ ነፊ ተራውን የሚያውቅበትን መንገድ መማር ግን የሚቻለው ነፊዎቹ በአንድነት እየነፉ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።