ምዕራፍ 6፦ ያሰባችሁት ኖቱ ላይ ይታይ

አሜሪካ ውስጥ በነርስ ፕራክቲሽነርነት ወይም በፊዚሽያን አሲስታንትነት የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ፣ ኖት በረዘመ ቁጥር ክፍያው ከፍ ይላል ብላችሁ ስትጽፉ ታመሻላችሁ። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የክሊኒክ ቪዚት ደረጃ የሚወሰነው በሕክምና ውሳኔው ክብደት ወይም በዕለቱ በፈጀባችሁ ጠቅላላ ጊዜ ነው።

ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው መጣ እንበል። «ስኳር፦ መድኃኒቱን ይቀጥል» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳይም። «ስኳር፦ ኤዋንሲ 8.9፣ ከግቡ በላይ፤ የኩላሊት ውጤቱ ስለሚፈቅድ ሜትፎርሚን ከ500 ወደ 1000 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ስትሉ ግን ያልተስተካከለ በሽታና የመድኃኒት ውሳኔ አብረው ተመዝግበዋል፤ የቪዚት ደረጃ ኮዱ 99214 የሚደገፈው በዚህ ነው። ኮድ ሰጪው የላብራቶሪ ቁጥር አይቶ ምርመራውን መደምደም አይፈቀድለትም። «ስኳሩ ከፍ ብሏል» የሚለው ቃል ከእናንተ እጅ መውጣት አለበት።

አንዳንዴ ጊዜው ከውሳኔው ይበልጣል። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ የጠዋቱን ከማታው እየለያችሁ ታስረዳላችሁ። እባካችሁ ይህን ድካም ሳትመዘግቡ አትለፉት! ቻርት ያነበባችሁበት፣ ያስረዳችሁበትና በዚያው ቀን ኖት የጻፋችሁበት ጊዜ ተደምሮ 30 ደቂቃ ከሞላ 99214 በጊዜም ይደገፋል። የረዳቶች ጊዜ አይደመርም፤ በማግስቱ የተጻፈ ኖትም እንዲሁ።

በጣም የሚያሳስበኝ ክሌሙ በማን ስም እንደሚወጣ ነው። ሜዲኬር በራሳችሁ መለያ ቁጥር ሲጠየቅ ለሐኪም ከተመደበው ዋጋ 85 በመቶ ይከፍላል፤ «ኢንሲደንት ቱ» በሚባለው መንገድ በሐኪሙ ስም ሲጠየቅ ግን 100 በመቶ። ልዩነቱ አጓጊ ነው፤ አሠሪዎችም ይገፋፋሉ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ለመጠየቅ ሕክምናውን የጀመረውና ዕቅዱን ያወጣው ሐኪሙ መሆን አለበት፣ ቀጥተኛ ቁጥጥሩም መኖር አለበት። አዲስ ታካሚ ወይም አዲስ ሕመም ከሆነ አይቻልም፤ ሆስፒታል ውስጥም አይሠራም። እነዚህ ሳይሟሉ በሐኪሙ ስም መጠየቅ የሐሰት ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ በ1863 (እ.ኤ.አ.) በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን የወጣው የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ ዛሬም መንግሥት የደረሰበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ ያስከፍላል።

ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ የቢሊንግ ክፍሉን በኢሜይል ጠይቁ፦ የእኔ ቪዚቶች በማን ቁጥር ይላካሉ? በሐኪሙ ከሆነ፣ ዕቅዱን ያወጣበት ኖት ቻርቱ ውስጥ የት አለ? መልሱን አስቀምጡት።