ስለ ጸጋ ዘአብና ስለ ዳሚያኖ ዴ ጎይስ

በይፋግ ወንበር ዘርግተን መጻሕፍተ ሐዲሳትን ስናስተምር ከደቀ መዛሙርት አንዱ፣ «ቀዳሚት ሰንበትን ስላከበራችሁ እንደ አይሁድ ናችሁ ለሚሉን ሰዎች ምን እንመልስላቸው?» ብሎ ጠየቀን። ይህን ጥያቄ ከእኛ አስቀድሞ፣ በባዕድ አገር ሁኖ የመለሰ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን አለና ነገሩን ለአንባብያን እናወሳለን። የዓመቱ ቍጥር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1520 ዓ.ም. የመጡትን የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1526 ዓ.ም. ሲያሰናብቱ ጸጋ ዘአብን አምባሳደር አድርገው አብረው ላኩት። እርሱም ካህን ሲሆን የቡግና ራስ ይባል ነበር። በ1527 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ። የተላከው ስለ ወዳጅነት ቃል ኪዳን እንጂ ስለ ሃይማኖት ክርክር አልነበረም። ዳሩ ግን የዚያ አገር መምህራን ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ መብል እየመረመሩ አስጨነቁት፤ ከቅዱስ ቍርባንም ከለከሉት። ካህን ለሆነ ሰው ከዚህ የሚከፋ እሥራት ምን አለ?

በ1533 ዓ.ም. ዳሚያኖ ዴ ጎይስ አገኘው። ይህ ሰው በ1502 ዓ.ም. ተወልዶ በፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ያደገ፣ በንጉሡም መልእክት እስከ ፖላንድ የዞረ ሊቅ ነው። ገና ብላቴና ሳለ፣ በ1514 ዓ.ም.፣ የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝቦን ገብቶ ነበርና የአገራችን ነገር ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት የጥንት መጻሕፍትን ከምንጫቸው ለማንበብ ይተጉ ነበር፤ ዳሚያኖ ግን ሰውንም እንዲሁ ከምንጩ መስማት ወደደ። ስለዚህ ከመከራከር ይልቅ፣ ጸጋ ዘአብ ሃይማኖቱን ራሱ እንዲጽፍለት ለመነው።

ጸጋ ዘአብም በ1534 ዓ.ም. ጽፎ ፈጸመ። ሰንበትን የምናከብረው አይሁድን በመከተል ሳይሆን ከሐዋርያት በተቀበልነው ሥርዐት መሆኑን አስረዳ፤ በክርስቶስ ያመነ እንግዳ ከቍርባን መገፋቱንም አምርሮ ተናገረ። ዳሚያኖ ይህን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ዓ.ም. በሉቨን ከተማ አሳተመው። በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉ በፖርቱጋል ታገደ። ተርጓሚውም በሽምግልናው፣ በ1571 ዓ.ም.፣ በሃይማኖት መርማሪዎች ታሥሮ ተፈረደበት፤ በ1574 ዓ.ም. ሞተ።

በ1541 ዓ.ም. የገቡት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ግን ስማቸው ገነነ፤ ከእነርሱ የተረፉት በ1543 ዓ.ም. ከእኛው ጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሁነው ግራኝን ድል አድርገዋልና። ብዕር ይዞ የቆመውን ጸጋ ዘአብን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 ዓ.ም. ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት መልስ መጻፍ ግድ ሆነባቸው፤ ክርክሩ አልበረደም ነበርና። ደቀ መዝሙሩን ከዚያው ከንጉሡ የሃይማኖት ጽሑፍ ጀምረን ንባብ አስያዝነው።