በባሕር በር ላይ የሚጣለው ቀረጥ የደጋውን ገበሬ እንዴት እንደሚነካ

ቀረጥ ዕቃ ከአንዱ መንግሥት ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በበሩ ላይ የሚከፈል ገንዘብ ነው። መንግሥታት የሚጥሉት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ግምጃ ቤታቸው እንዲሞላ፥ ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ተወዶ የገዛ አገራቸው ሠራተኛ ገበያ እንዲያገኝ ነው። ከፋዩ ነጋዴው ብቻ ይመስላል። ነጋዴ ግን በኬላ የከፈለውን በሚሸጠው ጨርቅ ላይ ይጨምረዋል፥ ከባላገር በሚገዛው ሰምና ቆዳ ላይም ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ በባሕሩ ጠረፍ የተጣለው ቀረጥ በመጨረሻ የሚያርፈው በፋርጣና በእስቴ ገበሬ ላይ ነው።

ለዚህ ነገር ደብረ ታቦር ጥሩ ምስክር ናት። በቀድሞው ዘመን ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ በዚህ አገር ያልፍ ነበር፤ የይፋግ ገበያና የደሪጣ እስላም ነጋዴዎች ስማቸው በሩቅ የታወቀ ነበር። ወደ ባሕሩ ሰም፥ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከባሕሩም ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ይወጣል። በመንገዱም ላይ የየአገሩ ሹም ኬላ ተክሎ ከጭነቱ ይቀበል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1847 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ ሲጽፍ፥ ንጉሡ ቀረጥ የሚከፈልበትን ስፍራ በግዛታቸው ሁሉ ወደ ሦስት ብቻ እንዳወረዱት ገልጿል። የውስጡ ኬላ ቢቀነስም ግን ትልቁ ኬላ፥ ማለት የባሕሩ በር፥ በባዕድ እጅ ነበር።

የዚህ ነገር ክብደት በግልጥ የታየው በጥቅምት 1872 ዓ.ም. በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። የግብጽ ሠራዊት በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ሁለት ጊዜ ድል ሆኖ ነበር፤ ምጽዋን ግን አልለቀቀም። ሁለት ጊዜ ድል የሆነው መንግሥት ከድል አድራጊው ነጋዴ ቀረጥ እየተቀበለ ይኖር ነበር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሱዳን አገረ ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ጎርደን ስለ ከዲቩ ተልኮ ወደ ዐፄ ዮሐንስ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ቦጎስና የባሕር በር እንዲመለስላቸው፥ ጳጳስም እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ጎርደን ይህን ለመስጠት ሥልጣን አልነበረውም፤ ስለዚህ ሳይስማሙ ተለያዩ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ የጦረኛ ንጉሥ ትዕቢት አድርገው ቆጥረውታል፤ ከደብረ ታቦር ገበያ ቆሞ ለሚመለከተው ግን እጅግ የተመዛዘነ ጥያቄ ነበር።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድሚራል ሂዌት ዐድዋ ላይ በተዋዋለው ውል፥ የኢትዮጵያ ዕቃ ጦር መሣሪያም ቢሆን በእንግሊዝ ጥበቃ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ተጻፈ። ዓመት ሳይሞላ፥ በጥር 1877 ዓ.ም.፥ ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። እንግሊዝም ዝም አለች፤ ፈረንሳይ በኦቦክ ተቀምጣ ነበርና በዚያ ባሕር ፈረንሳይ ከምትበረታ ኢጣልያ ብትገባ መርጣለች። የተስፋው ውል በወረቀት ላይ ቀረ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ፉክክሩ በመድፍ ፈንታ በባቡርና በውል ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳይ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰና ንግዱን ወደ ደቡብ ሳበው፤ የበጌምድር ነጋዴ በኢጣልያ ምጽዋና በእንግሊዝ ሱዳን መካከል፥ በመተማ በኩል፥ የሚመርጥ ሆኖ ቀረ። በጥር 1900 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ መልክተኛ ክሎቡኮፍስኪ በተዋዋለው ውል፥ ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ዕቃ ከመቶ 10፥ ከወይን ጠጅና ከመሰለው መጠጥ ከመቶ 8 በላይ ቀረጥ እንዳታስከፍል ታሰረች። ሌሎቹም መንግሥታት «ለአንዱ የተሰጠ ለሁሉ ነው» በሚለው አንቀጽ ተጠቀሙበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አሜሪካ በሰኔ 1922 ዓ.ም. በሺሕ በሚቆጠሩ ዕቃዎች ላይ ቀረጥዋን ከፍ አደረገች፤ ነፃ ንግድን ስትሰብክ የኖረችው እንግሊዝ እንኳ በ1924 ዓ.ም. የቀረጥ አጥር አጠረች፥ በኦታዋም ከግዛቶችዋ ጋር እርስ በርስ የመጠቃቀም ውል አደረገች። ለራሳቸው ከፍ ያለ አጥር የሠሩት መንግሥታት የኢትዮጵያን አጥር ከመቶ 10 እንዳያልፍ ይጠብቁ ነበር። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ አስቀድሞ የአሜሪካ አቡጀዲ ነገሠ፥ በኋላም የጃፓን ርካሽ ጨርቅ ተካው፤ ሁለቱ ሲገፋፉ የአገሩን ሸማኔ የሚጠብቅ ቀረጥ መጣል አልተቻለም። መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ከቀረጡ ሌላ የፍጆታ ግብር ቢያውጅ ሌጋሲዮኖቹ ውሉ ተጣሰ ብለው ተቃወሙ።

የበሩ ነገር በዚያ ዘመን አላበቃም። በኅዳር 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለ ገንዘብ አወጣች፤ ኢትዮጵያም የሁለቱ አገር ንግድ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን ወሰነች። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሥቶ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጉ፤ ሸክሙም ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ።

የውጭውን በር የወረዳ ሹም ሊከፍተው አይችልም። የውስጡ ኬላ ግን በእርሱ እጅ ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ የ100 ብር ጨርቅ አስገብቶ በጠረፍ 10 ብር ቀረጥ ቢከፍል ጨርቁ 110 ብር ይሆንበታል። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በአራት ስፍራ ያለ ደንብ ገመድ ተዘርግቶ 5፥ 5 ብር ቢጠየቅ 130 ብር ይደርሳል። በዚህ ሒሳብ በጠረፍ የተከፈለው 10፥ የገዛ ወገን የጨመረበት ግን 20 ነው። ነጋዴው ሲመለስ ቆዳ የሚጭን ቢሆን፥ በዚያው መንገድ የሚጠየቀውን 20 ብር አስቀድሞ ያውቀዋልና፥ ለፋርጣው ገበሬ ሊከፍል ካሰበው ዋጋ ላይ ገና በገበያው ሳለ ይቀንሰዋል።